ኤአይ ስለ ሕንፃው የሚያውቀው ሞዴሉ የነገረውን ያህል ነው

በተለመደው የኮምፒውተር ፕላን ላይ ግድግዳ ማለት ሁለት ትይዩ መስመሮች ናቸው። ኢንጂነሩ ሲያያቸው ግድግዳ መሆናቸው ወዲያው ይገባዋል። ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው መስመሩን ብቻ ነው። ግድግዳው ከምን ተሠራ? እሳት ስንት ሰዓት ይቋቋማል? የትኛውን ክፍል ከየትኛው ይለያል? ብትጠይቁት የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ዲጂታል የሕንፃ ሞዴል የመጣው ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ መልስ እንዲኖር ነው። በሙያው ቢአይኤም ይባላል። በቢአይኤም ውስጥ ግድግዳው ግድግዳ ተብሎ ይመዘገባል። ቁመቱ፣ ውፍረቱ፣ የተሠራበት ቁስ፣ የቆመበት ፎቅ፣ ሸክም ይሸከም አይሸከም፣ ሁሉም አብሮት ይቀመጣል። በስክሪኑ ላይ የምናየው የስሪዲ ሥዕል ከዚህ መረጃ ከሚወጡት ነገሮች አንዱ ነው። የቁሳቁስ ዝርዝሩም፣ የሥራ መርሐ ግብሩም፣ የወጪ ግምቱም ከዚያው ይወጣሉ።

ብዙ ሰው ቢአይኤም ሲባል የሚያምር የስሪዲ ሥዕል ይመስለዋል። ሥዕሉ አምሮ ውስጡ ባዶ የሆነ ሞዴል ደግሞ ሞልቷል። እንዲህ ያለው ለደንበኛ ማሳያ ይሆናል እንጂ ለምርምር አይሆንም። ዛሬ በግንባታ ምርምር ውስጥ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ባጭሩ ስለ ኤአይ፣ የማይጻፍ ነገር የለም። ጥሩ ነው። እኔም ተስፋ አለኝ። ነገር ግን ኤአይ ስለ ሕንፃው የሚማረው ሞዴሉ ካቀረበለት ነው፤ ስለዚህ ወሬው መጀመር ያለበት ከሞዴሉ ነው።

ሐሳቡ ራሱ አዲስ አይደለም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1963 ኢቫን ሰዘርላንድ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ስኬችፓድ የተባለውን ፕሮግራም ሠርቶ ሰው በኮምፒውተር ስክሪን ላይ በብርሃን እስክሪብቶ መሣል እንደሚችል አሳየ። በ1970ዎቹ አጋማሽ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ቻርልስ ኢስትማን ከሥዕል አልፎ ሄደ። እሱ ያሰበው ሕንፃውን በየአካሉ የሚገልጽ አንድ የመረጃ ቋት ነበር። ለውጡ አንድ ጊዜ ከተደረገ፣ ከቋቱ የሚወጡት ሥዕሎች ሁሉ አብረው ይለወጣሉ። የሃንጋሪው ግራፊሶፍት ኩባንያ በ1980ዎቹ አርኪካድ የተባለውን የሕንፃ ሞዴል መሥሪያ ሶፍትዌር ይዞ ገበያ ገባ። ሬቪት የተባለው ሌላው እንዲህ ያለ ሶፍትዌር በ2000 ወጣ፤ በ2002 ኦቶዴስክ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ገዛው። ብሪታንያ ደግሞ ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ የማዕከላዊ መንግሥት ፕሮጀክቶች በቢአይኤም እንዲሠሩ ግዴታ አደረገች።

አንድ በር በፋይሉ ውስጥ

የተለያዩ ሶፍትዌሮች ሞዴል የሚለዋወጡበት ክፍት ቅርጸት አይኤፍሲ ይባላል። የሚያዘጋጀው ቢልዲንግስማርት የተባለ ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው። በ2013 አይኤስኦ 16739 በሚል ቁጥር ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ታትሟል። ፋይሉ ብዙውን ጊዜ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በኖትፓድ ከፍቶ ማንበብ ይቻላል።

ከፍታችሁ አንድ በር ፈልጉ። በሩ ከግድግዳው ጋር በቀጥታ አልተያያዘም። መጀመሪያ ግድግዳው አለ። ከዚያ «ክፍተት» የሚባል ራሱን የቻለ አካል አለ። አንዱ መስመር «ይህ ክፍተት ያንን ግድግዳ ይበሳል» ይላል። ሌላው መስመር «ያ በር ይህን ክፍተት ይሞላል» ይላል። እያንዳንዱ አካል 22 ፊደልና ቁጥር የተደረደረበት የራሱ መለያ አለው። በሩ በሌላ በር ቢተካ ክፍተቱ ይቀራል። ግድግዳው እንዲፈርስ ቢወሰን ደግሞ የትኞቹ በሮች አብረው እንደሚሄዱ ይታወቃል።

ለሰው ይህ ዙሪያ ጥምጥም ሊመስል ይችላል። ለኮምፒውተር ግን ወርቅ ነው። ክፍሎቹን እንደ ነጥብ፣ በሮቹን ነጥቦቹን እንደሚያገናኙ መስመሮች አድርጎ ሕንፃውን ወደ መረብ መቀየር ይቻላል። ያኔ «ከዚህ ክፍል እስከ አደጋ መውጫው ስንት ሜትር ነው?» የሚለው ጥያቄ የስሌት ጉዳይ ይሆናል። ግራፍ ኒውራል ኔትወርክ የሚባሉት የኤአይ ዘዴዎች የሚሠሩት እንዲህ ባለ መረብ ላይ ነው። አንድ ክፍል ስሙ ባይጻፍ እንኳ ከጎረቤቶቹ ተነስተው ወጥ ቤት ይሁን ኮሪደር ይገምታሉ።

አሁን ደግሞ የሚበላሸውን እንመልከት። ሠሪው ቸኩሎ በሩን በበር መሣሪያ ሳይሆን በተራ ቅርጽ ሣለው እንበል። ስክሪኑ ላይ በር ነው፤ መያዣው ሳይቀር ይታያል። ፋይሉ ውስጥ ግን «ምንነቱ ያልተገለጸ አካል» ተብሎ ይገባል። ወይም በሩ በር ተብሎ ይገባና የእሳት መቋቋም ደረጃው የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ይቀራል። ኤአዩን «ስንት እሳት የሚቋቋም በር አለ?» ብትሉት «ዜሮ» ይላችኋል። አልዋሸም። የተነገረው ያ ነው።

መረጃ እንዲህ መንገድ ላይ ሲጠፋ ኪሳራው ቀላል አይደለም። የአሜሪካው የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኒስት፣ በ2004 ባወጣው ጥናት ሶፍትዌሮች በደንብ ባለመናበባቸው የአገሪቱ የግንባታ ዘርፍ በዓመት 15.8 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያጣ ገምቷል። ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ገደማው የሚወድቀው በሕንፃ ባለቤቶችና አስተዳዳሪዎች ላይ ነበር። ሞዴሉን የሚሠራው ሌላ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ማለት ነው። ባዶ ሞዴል እስካሁን ያልጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ኤአይ የት የት ይገባል?

ተመራማሪዎች ለምን በዚህ ተጠመዱ የሚል ካለ ሁለት ቁጥር ይበቃዋል። የማኪንዚ ጥናት ተቋም በ2017 እንዳወጣው፣ በ20 ዓመታት ውስጥ የግንባታ ሠራተኛ ምርታማነት በዓለም ደረጃ በዓመት 1 በመቶ ገደማ ብቻ ሲያድግ የጠቅላላው ኢኮኖሚ 2.8 በመቶ አድጓል። ሌላው፣ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እንደሚለው ሕንፃዎችና ግንባታ ከኃይልና ከማምረት ሂደት ጋር ከተያያዘው የዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት በ2021 37 በመቶ ገደማ ይዘው ነበር። እዚህ ዘርፍ ላይ ትንሽ መሻሻል እንኳ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ከሥራዎቹ ሁሉ እኔን የሚማርከኝ የተሠራውን ሕንፃ መልሶ ወደ ሞዴል መቀየር ነው። የሌዘር ስካነር አንድ ፎቅ ውስጥ ተተክሎ ሲዞር በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነጥቦችን ይለካል። ውጤቱ «የነጥብ ደመና» ይባላል። እያንዳንዱ ነጥብ የት እንዳለ የሚናገሩ ሦስት ቁጥሮች አሉት፤ አንዳንዴ ቀለምም ይጨመራል። ከዚያ ውጪ ምንም የለም። የትኛው ነጥብ የኮለን፣ የትኛው የጣሪያ እንደሆነ አይታወቅም። ባለሙያ ቁጭ ብሎ በእጁ ይለየዋል። አድካሚ ሥራ ነው።

ለኮምፒውተሩ አስቸጋሪ ያደረገው ነጥቦቹ ተራ የሌላቸው መሆናቸው ነው። በፎቶ ላይ እያንዳንዱ ነጠብጣብ ቦታው የታወቀ ነው። በነጥብ ደመና ግን የመጀመሪያው ነጥብ የመጨረሻ ቢሆን ክፍሉ ያው ክፍል ነው። በ2017 ከስታንፎርድ የወጣው ፖይንትኔት ይህን በቀላል ዘዴ ፈታው። እያንዳንዱን ነጥብ ለየብቻ በአንድ ዓይነት ስሌት ያሳልፋል። ከዚያ በእያንዳንዱ መለኪያ ከሁሉም ነጥቦች ትልቁን ዋጋ ብቻ ይወስዳል። ትልቁ ቁጥር ደግሞ ዝርዝሩ እንደፈለገ ቢገለባበጥ ያው ትልቁ ነው። በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ዘዴዎች ከዚህ ተነስተዋል።

ግን ዘዴው የተማረበትን መረጃም ማየት ያስፈልጋል። በዚህ መስክ በብዛት ከሚሠራባቸው ስብስቦች አንዱ በ2016 ከዚያው ከስታንፎርድ የወጣው ነው። ስድስት ሰፋፊ የሕንፃ ውስጥ ቦታዎችን ይዟል፤ እያንዳንዱ ነጥብ ከ13 ዓይነቶች በአንዱ ተሰይሟል። ግድግዳ፣ ወለል፣ ጣሪያ፣ ቢም፣ ኮለን፣ በርና መስኮት አሉ። ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ሶፋና የመጽሐፍ መደርደሪያም አሉ። ቧንቧ የለም። ፌሮ የለም። ፖንቴ የለም። ሰዎች የገቡበት የቢሮና የትምህርት ሕንፃ ነዋ! በዚህ የሰለጠነ አልጎሪዝም ገና በግንባታ ላይ ያለ ፎቅ ውስጥ ሲገባ፣ ብሎኬት ተከምሮ፣ የጣውላ ድጋፍ ተደርድሮ ሲያገኝ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ስለዚህ የግንባታ ተመራማሪዎች የራሳቸውን ሳይት ስካን አድርገው በእጃቸው መሰየም አለባቸው። ዝና የሌለው ሥራ ነው፤ ያለ እሱ ግን ሌላው አይራመድም።

ስካኑ በደንብ ከተለየ በኋላ ከታቀደው ሞዴል ጋር ይነጻጸራል። የትኛው ኮለን ቆሟል? የትኛው ከቦታው ሸሽቷል? የዳክቱ፣ ማለትም የአየር ማስተላለፊያው ቱቦ፣ መስመር በተባለው ከፍታ ሄዷል? ስህተት ጂፕሰም ከመለበጡ በፊት ሲገኝና ከተለበጠ በኋላ ሲገኝ የወጪው ልዩነት የትየለሌ ነው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልንካቸው። ቧንቧና ቢም የሚጋጩበትን ቦታ ሶፍትዌር ከድሮም ያገኛል። ችግሩ ማግኘቱ አይደለም፤ አንድ ትልቅ ሞዴል ላይ በሺዎች የሚቆጠር ግጭት ማውጣቱ ነው፤ ብዙው ደግሞ የማያሳስብ ነው። ኤአይ ከዚህ በፊት ባለሙያዎች የወሰኑትን አይቶ አሳሳቢውን ከማያሳስበው ለመለየት እየተሞከረበት ነው። በኃይል ፍጆታም እንዲሁ። አንድን ሕንፃ ዓመቱን ሙሉ በሲሙሌሽን፣ ማለትም በኮምፒውተር በማስመሰል፣ ማስኬድ ጊዜ ይወስዳል። ብዙ ሲሙሌሽን ተሠርቶ ኤአይ በውጤቱ ከሰለጠነ ግን ግምቱን በቅጽበት ይሰጣል። አርክቴክቱ የመስኮቱን ስፋት እየቀያየረ ውጤቱን እዚያው ያያል። ይሁንና ኤአዩ የሚደግመው ሲሙሌሽኑን ነው። ሲሙሌሽኑ ሰዎች መስኮት ከፍተው እንደሚረሱ ካላሰበ፣ ኤአዩም አያስብም።

የቋንቋ ሞዴሎቹና የሕንፃ ሕግ

የሕንፃው ሞዴል ሕግ ያክብር አያክብር በኮምፒውተር መፈተሽ የቆየ ምኞት ነው። ሲንጋፖር ኮርኔት የተባለውን ፕሮግራም የጀመረችው በ1995 ነበር። አስቸጋሪው ሕጉ ለሰው የተጻፈ መሆኑ ነው። «የአደጋ መውጫ በር ስፋት ከዚህ ሳንቲሜትር ማነስ የለበትም» የሚለው ለኮምፒውተር ቀላል ነው። «በቂ የአየር ዝውውር ይኑር» የሚለውስ? ሕግ ደግሞ «እንዲህ ከሆነ በስተቀር»፣ «አንቀጽ እከሌ እንደተጠበቀ ሆኖ» በሚሉ ሐረጎች የተሞላ ነው። ቀደም ሲል ባለሙያ እያንዳንዱን አንቀጽ በእጁ ወደ ኮድ ይቀይር ነበር። ሕጉ ሲሻሻል ሥራው እንደገና ይጀመራል።

እንደ ቻትጂፒቲ ያሉት ትልልቆቹ የቋንቋ ሞዴሎች ሲመጡ ብዙ ተመራማሪ ወደዚህ ዞረ። ጽሑፍ ያነባሉና አንቀጹን ወደ ሕግጋት መቀየር ይችላሉ። «በሁለተኛው ፎቅ ላይ ከ90 ሳንቲሜትር የሚጠቡ በሮችን አሳየኝ» ብሎ በተራ ቋንቋ መጠየቅም ተቻለ። ኮድ ለማያውቅ የሳይት መሐንዲስ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ልዩነት መያዝ አለበት። የቋንቋ ሞዴሉ ፋይሉን አንብቦ በቀጥታ «14 በሮች ናቸው» እንዲል ማድረግ አንድ ነገር ነው። ይህ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም የቋንቋ ሞዴል ቀጣዩን ቃል የሚገምት ነገር ስለሆነ ቆጠራው ላይ በልበ ሙሉነት ሊሳሳት ይችላል። በሌላው መንገድ የቋንቋ ሞዴሉ የሚሠራው ጥያቄውን ወደ ኮድ መቀየር ብቻ ነው። ኮዱ ራሱ የሕንፃው ሞዴል ላይ ይሮጣል፤ ቆጠራውን የሚሠራው ኮዱ ነው። ስህተት ቢኖር እንኳ ኮዱን አንብቦ ማግኘት ይቻላል። በእኔ እምነት የደህንነት ጉዳይ ባለበት ሁሉ ሁለተኛው መንገድ ብቻ ነው መፈቀድ ያለበት።

«98 በመቶ ትክክል» ሲባል

የምርምር ጽሑፎችን የሚያነብ ሰው ይህን ቁጥር ደጋግሞ ያገኘዋል። ቁጥሩን ከማመን በፊት የሚጠየቁ ነገሮች አሉ።

የኮንክሪት ስንጥቅ የሚለይ አልጎሪዝም እንውሰድ። 1,000 ፎቶ አለን፤ ስንጥቅ ያለባቸው 10 ብቻ ናቸው። ምንም ሳያይ ሁሌ «ስንጥቅ የለም» የሚል ፕሮግራም 990ውን በትክክል መለሰ። 99 በመቶ ማለት ነው። አንድም ስንጥቅ አላገኘም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ካሉት ስንጥቆች ስንቱን አገኘ? «ስንጥቅ ነው» ካላቸው ውስጥስ ስንቱ እውነት ነበር? ድልድይ ላይ የሚያልፈው ሰው ደህንነት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ፣ በምን ተፈተነ? በሳይት ካሜራ ቪዲዮ ሠራተኞች ሄልሜት ማድረጋቸውን የሚለይ አልጎሪዝም ተሠራ እንበል። ከቪዲዮው በሺዎች የሚቆጠሩ ምስሎች ወጡ፤ በዘፈቀደ 80 በመቶው ለማሰልጠኛ፣ 20 በመቶው ለመፈተኛ ተከፈለ። ግን ተከታታይ ምስሎች አንድ ዓይነት ናቸው። ያው ሠራተኛ፣ ያው ግድግዳ፣ ያው ፀሐይ። አልጎሪዝሙ ፈተናውን ቀድሞ እንዳየ ተማሪ ነው፤ ውጤቱ ከፍ ማለቱ አይገርምም። ትክክለኛው ፈተና ያላየው ሳይት፣ ያላየው ካሜራ፣ ያላየው ሰዓት ነው።

በጥሩ መንገድ የተሠሩም አሉ። በ2017 የታተመ አንድ የታወቀ የስንጥቅ ጥናት በ40 ሺህ ትንንሽ ምስሎች ሰልጥኖ 98 በመቶ ገደማ ደረሰ። ተመራማሪዎቹ እዚያ ላይ አልቆሙም። ከሌላ ግንባታ፣ በስልጠናው ውስጥ ጨርሶ ካልነበረ፣ 55 ፎቶ አምጥተው ሞከሩት። ኃይለኛ ብርሃን፣ ጥላ፣ በጣም ቀጭን ስንጥቅ ያለባቸውን ጭምር። ያንን ጥናት የማምነው በመቶኛው ሳይሆን በእነዚህ 55 ፎቶዎች ነው።

የኮንክሪት ጥንካሬ ትንበያ ላይ ያለው ታሪክ ደግሞ ያሳስበኛል። በ1998 በአይ-ቼንግ ዬ ጥናት የተሠራበት፣ በኋላም ለማንም ክፍት የሆነ 1,030 ናሙና ያለው ስብስብ አለ። ሲሚንቶ፣ ውኃ፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ተጨማሪ ቁሶችና የኮንክሪቱ ዕድሜ፣ በድምሩ 8 መግቢያ አለው። ለጀማሪ ድንቅ ስብስብ ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ስፍር ቁጥር የሌለው ጽሑፍ ያንኑ ይዞ አዲስ አልጎሪዝም ብቻ እየቀያየረ ይወጣል። በዚያ ላይ ያው አንድ ድብልቅ በተለያየ ዕድሜው ተፈትኖ ስብስቡ ውስጥ ደጋግሞ ይገኛል። በዘፈቀደ ሲከፈል የ7 ቀኑ ለማሰልጠኛ፣ የ28 ቀኑ ለመፈተኛ ሊገባ ይችላል። ድብልቁ ታውቋል ማለት ነው። ትንበያው በወረቀት ላይ ያምራል፤ ሌላ ሲሚንቶና ሌላ ጠጠር ሲመጣ ምን እንደሚሆን ግን አይነግረንም። አንድ ተማሪ የአካባቢውን ጠጠር ወስዶ 60 ናሙና ቢሰብርና ቢመዘግብ፣ ከአምሳኛው አልጎሪዝም ይልቅ ለሳይንሱ የጨመረው እሱ ነው።

ዳታው የማን ነው?

ሞዴል የሚሠሩ ድርጅቶች ሞዴላቸውን ለተመራማሪ አሳልፈው አይሰጡም። ይገባኛል። ውስጡ የደንበኛ ምስጢር አለ፣ የዋጋ መረጃ አለ፣ አንዳንዴ የሕንፃው የጥበቃ ሥርዓት ሳይቀር አለ። ስለዚህ ተመራማሪዎች በኮምፒውተር የተፈበረኩ ሕንፃዎችን ይጠቀማሉ። ያ ይረዳል፤ ግን የተፈበረከ ሞዴል ከልክ በላይ ንጹሕ ነው። እውነተኛው ሞዴል ስሙ የተሳሳተ ክፍል፣ ሁለት ጊዜ የተሣለ ግድግዳ፣ በየሰው የተለያየ አጻጻፍ አለበት። በንጹሑ የሰለጠነ በቆሻሻው ላይ ይሰናከላል።

ካሜራም አለ። ሄልሜት ለመቁጠር የተተከለ ካሜራ ማን ስንት ደቂቃ እንዳረፈም ይቆጥራል። ሠራተኛው ምን እንደሚቀረጽና ለምን እንደሚውል ሳይነገረው የሚሠራ ጥናት፣ ውጤቱ ምንም ያህል ቢያምር፣ በእኔ ዓይን የተበላሸ ጥናት ነው።

ከሁሉም በላይ የፊርማ ጉዳይ አለ። ኮለኑ ቢሰበር የሚጠየቀው የፈረመው መሐንዲስ ነው፤ አልጎሪዝም ፍርድ ቤት አይቆምም። ስለዚህ ለመሐንዲሱ «ይህ በር ሕግ ይጥሳል» የሚል መልስ ብቻ አይበቃውም። የትኛው በር? መለያ ቁጥሩ ስንት ነው? የትኛውን አንቀጽ ጣሰ? ስፋቱ ስንት ተብሎ ተነበበ? ከየትኛው የሞዴሉ ስሪት? እነዚህን ከመልሱ ጋር አያይዘው የሚያቀርቡ መሣሪያዎች ላይ የሚሠራው ምርምር ከመቶኛ ፉክክሩ ያነሰ ትኩረት ነው የሚያገኘው። እኔ ዛሬ የምርምር ርዕስ የሚመርጥ ተማሪ ቢጠይቀኝ እዚያ ላይ እንዲሠራ እነግረዋለሁ።